ችንካሩን የነቀለ

ውድ አባቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ቆመው ከሆነ ይቀመጡ። አይደንግጡ፣ የሞተ የለም። ወልደተንሣኤም አለ፣ ይኸው ከፊቴ ጎኑን ይዞ ጥላ ሥር ተጋድሟል። ባሌ ዛሬ አለ ማለት እችላለሁ፣ ነገን ግን አላውቅም፣ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ፊደሌ የዶሮ ጭረት ቢመስልዎ ይማሩኝ፤ ዳዊቱን ሳልዘልቅ እማዬ «ይበቃታል፣ ወፍጮው ይጠብቃታል» ብላ ያስነሣችኝ ልጅዎ ነኝ። ነገሩ የደወሉ ሠረገላ ነው። ነገሩ ያ የብረት ችንካር ነው አባዬ፣ አንቱ የገዘቱበት።

የደብራችንን ደወል ልንቀበል ከአንኮበር አልዩ አምባ ወርደን በነጋዴው በአያ አብዱልጀሊል ግቢ ያረፍን ጊዜ፣ ደወሉን ከባሕር ድረስ ያመጣልን ሠረገላውንም የሠራው ያ ቀይ ጢሙ ፈረንጅ፣ ሙሴው የምንለው፣ በንዳድ ተይዞ አልተኛም? አጥሚት የማቀብለው እኔ አልነበርኩ? ሻል ሲለው አንቱንም እኔንም ጠርቶ የሠረገላውን ነገር አሳየን። መዘወሪያውን ወንዶቹ ሲያዞሩት ጥርስ ያላቸው ብረቶች እርስ በርስ ይናከሱና የኋለኞቹ ሁለት እግሮች፣ መንኮራኩሮቹ፣ ይዞራሉ፤ የፊተኞቹ ግን ሥራ የላቸውም፣ ዝም ብለው ይንከባለላሉ። ከዚያ ከሆዱ ሥር ገብቶ ያን ችንካር ሲሰካው ቀጭ አለና የፊቱና የኋላው ተጋጠመ፣ ከዚያ ወዲያ አንዱን ሲያዞሩ አራቱም አብረው ዞሩ። አንቱ ስቀው «ይኸው አሁን እንደ በቅሎ በአራቱ ቆመ» አሉ። ሙሴውም በዚያ በተሰባበረ አፉ «ጭቃ፣ ክተት። ድንጋይ፣ መታጠፊያ፣ ንቀል» አለን፣ ደጋግሞ፣ እኔ ገብስ ስፈጭ ሁሉ አፉን እየቀዳሁ «ጭቃ ክተት፣ ድንጋይ ንቀል» እያልኩ አንቱን አሥቄዎታለሁ። ሰውየውን ንዳዱ በላው። ሃይማኖቱን እንጃ፣ ብቻ ነፍሱን ይማር።

ችንካሩ የተሰረቀው እሱ በተቀበረ ማግስት ነው። ሠራተኞቹ ነቅለው ድንጋይ ላይ ትተውት፣ አንዱ ማረሻ ላስቀጥቅጥ ብሎ ነው መሰለኝ ገለባ ውስጥ ተደብቆ ተገኘ፤ መልሰው ሰኩት፣ ሌባው ማን እንደሆነ ግን አልታወቀም። ያን ጊዜ ነው አንቱ ካባዎን ደርበው መስቀሉን አንሥተው ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው «ይህን ችንካር ከቦታው የነቀለ፣ ያስነቀለ፣ ሲነቀልም አይቶ ዝም ያለ፣ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይሁን» ያሉት። ሕዝቡም ይሁን አለ፣ እኔም ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ይሁን አልኩ። ለሌባው እንዳሉት አውቃለሁ አባዬ። ግን ከአፍዎ የወጣው «የነቀለ» ነው፣ ሌባ የሚል የለበትም።

አንቱ ለደብራችን ሙግት እንጦጦ ተጠርተው ከሄዱ ወዲያ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ግዝትዎ ተመሰገነ። ክረምት ነበረና ዳገቱ ሁሉ ጭቃ ነበር። ከፊት የሚጎትቱት በሬዎች እስከ ጉልበታቸው ይሰምጡ ነበር። የኋለኛው እግር ጭቃ ውስጥ እንደ እንዝርት በቦታው ሲሽከረከር፣ የፊተኛው ጠንካራ መሬት ነክሶ ይጎትታል፤ የፊተኛው ሲያዳልጠው ደግሞ የኋለኛው ይገፋል። ቃሬዛ የያዙ አራት ሰዎች ማለት ነው፣ አንዱን ቢያዳልጠው ሦስቱ አሉ። ችንካሩ ባይኖር ደወሉ እስከ ዛሬ አልዩ አምባ በር ላይ በቀረ። ሠራተኛው ግን የችንካር ሥራ ነው አላለም፣ «የአባታችን ግዝት ነው የሚያወጣን» አለ። ጠዋት ጠዋት ሳይሳለሙት መዘወሪያውን የማይዙ አሉ፣ አንቱን ይንሳኝ ውሸቴን ከሆነ።

መስቀል አለፈ፣ ዝናቡ ቆመ፣ መንገዱ ደረቀ፣ ወደ ድንጋዩ ገባን። መከራው የመጣው ከዚህ ነው።

አውድማ ላይ በሬ ሲያበራዩ የውስጡ በሬ በቦታው ይረግጣል፣ የዳሩ ይሮጣል፣ አይደል? ሠረገላም ሲታጠፍ እንደዚያ ነው፤ የፊተኞቹ እግሮች ሰፊውን ዞረው ይሄዳሉ፣ የኋለኞቹ በአጭሩ ይቆርጣሉ። የፊተኞቹ መፍጠን አለባቸው። ችንካሩ ካለ ግን አንድ ላይ ታስረዋል፣ እኩል ዙሩ ተብለዋል፣ እንዴት ብለው ይፍጠኑ? ጭቃ ላይ ግድ የለም፣ እግሩ ትንሽ ተንሸራቶ ይገላገላል። ድንጋይ ግን ይይዛል፣ አያንሸራትትም፣ ስለዚህ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ሆዱ ይገባል፣ ወደ እንጨቱ፣ ወደ ብረቱ፣ እስኪሰበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ የሙሴውን አፍ እየቀዳሁ ስፈጭ ስፈጭ በራሴ ነው የገባኝ።

የመጀመሪያዋ መታጠፊያ ትንሽ ነበረች። ሠረገላው ዞር ማለት ሲጀምር አቃሰተ፣ የታመመ ሰው ይመስላል፣ ከዚያ ጓ! አለና ዘለለ። የፊተኞቹን እግሮች የሚያያይዘው አግዳሚ ወይራ ተሰነጠቀ። ወልደተንሣኤን ያውቁታል፣ ሥራው ታኮ ነው፤ በገደሉ በኩል ከፊተኛው እግር አጠገብ እየሄደ ሠረገላው በቆመ ቁጥር እንዳይንሸራተት ድንጋይ ይወሽቃል። ሲዘልል እግሩ ሥር ሊገባ ለጥቂት ነው የተረፈው። ሮጬ ሄጄ ነጠላዬን ነክሼ «ችንካሩ ነው፣ ችንካሩን ይንቀሉ በላቸው» አልኩት።

እሱም ለአለቃቸው ለዘርአ ዳዊት ሄዶ ነገረው፣ እኔ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ።

«ጌታዬ፣ ሚስቴ ለመታጠፊያ ችንካሩ ይነቀላል ትላለች።»

«ሚስትህ?» አለ ዘርአ ዳዊት፣ በጭራው ዝንቡን እያባረረ። «ሚስትህ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ሙሴ ሆነች? ጢሟን ላጭታ ነው እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሣቀ።

«የሙሴውን ቃል በጆሮዋ ሰምታ ነው ጌታዬ።»

«ሙሴው ሞቷል። ግዝቱ አልሞተም። ና፣ ንቀለው፣ ማን ያዘህ? እራትህን ግን ከዛሬ ጀምሮ ከውሻ ጋር ትበላለህ።»

ወልደተንሣኤ ወደ ታኮው ድንጋይ ተመለሰ። እኔም እንዳልሣቁብኝ ሆኜ እንስራዬን አነሣሁ። ሥራውን ጥሎ እንዳይሄድ ማደሪያው ይነቀላል፣ ያቺን ቁራሽ መሬት የሚያርሰው በዚህ ሥራ አይደለም ወይ፣ ደግሞ ጅራፉ አለ።

ከዚያ አንቱን ተክተው ወደሚቀድሱት ወደ አባ ኪዳነ ማርያም ዳገቱን ወጣሁ። ትንፋሼ ተቆርጦ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አባ ደግ ናቸው፣ አስነሥተው ውሃ ሰጡኝ፣ ሰሙኝ።

«አባትሽ ለሌባው ነው ያለው ትያለሽ። እኔም እንደዚያ ይመስለኛል» አሉኝ።

«እንግዲያማ ይፍቱልን፣ አባ።»

«እሱ የቋጠረውን እኔ ብፈታው፣ እኔ የምቋጥረውን ነገ ማን ይፈራል? ያሰረ ይፍታ፣ ልጄ። ሥርዓቱ ነው።»

«ያሰረው እንጦጦ ነው፣ ገደሉ እዚህ ነው፣ አባ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ይቅር ይበሉኝ፣ በካህን ላይ ጮኽኩ። ዐይናቸው እንባ አቀረረ፣ መስቀሉን አሳለሙኝ።

አያ አብዱልጀሊል ሸቀጡን ጭኖ ወደ እንጦጦ ሲወጣ እዚሁ ሰፈራችን ደርሶ አደረ። ግዝቱ እስላም አያገኝም ብዬ እሱንም ለመንኩት። ምን እንዳለኝ ልንገርዎ፤ «የቄሱ ልጅ፣ ወላሂ ግዝቱ አያገኘኝም። ዱላው ግን ያገኘኛል። ብነቅለውና ደወሉ በሰላም ቢገባ ጎበዝ የሚለኝ የለም። ብነቅለውና አንድ በሬ ቢያነክስ፣ እስላሙ ነክቶት ነው ተብሎ እኔም ግመሎቼም አንተርፍም። አባትሽ ወዳጄ ነው። ደብዳቤ ጻፊለት፣ እኔ አደርሳለሁ፣ ይህን እችላለሁ።» ተቆጣሁት፣ ከዚያ ደግሞ ምን ብዬ እቆጣለሁ? እውነቱን ነው።

ትልቁ መታጠፊያ ከፊታችን ነበር። ግራው አለት፣ ቀኙ ገደል። ምን ያላልኩ አለ አባዬ። ገብሱ ደርሷል፣ ገበሬው ሁሉ ዝናብ አታምጣ እያለ ይለምናል፣ እኔ ብቻ አምጣ አምጣ እላለሁ፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ መንገዱ ይረስርስ፣ የሰው ገብስ ይበስብስ፣ ብዬ ለመንኩ። ሰማዩ ግን እንደ ታጠበ ሳሕን ጥርት ብሎ ዋለ።

ዝናብ ካልመጣ ውሃ አለ አልኩ። እኛ ሴቶቹ ከምንጩ ለሠራተኛው ውሃ አናመላልስም? ጠዋት ሠረገላው ሳይነቃነቅ እንስራዬን ተሸክሜ መታጠፊያው ላይ ስደርስ ሆን ብዬ ተደናቅፌ ሰበርኩት። ውሃው ከዋልካው አፈር ጋር ተቀላቅሎ አለቱ ላይ ተዘረጋ። ግን አነሰ። የአስካለማርያምን ተቀብዬ ልደግም ስል ያዘችኝ፣ ጎረቤታችን አስካለማርያም ናት፣ ምላሷን ያውቁታል።

«አንቺ፣ ዛሬ እግርሽ ጠላ ጠጥቷል? እንስራ የሚያበቅል ዛፍ ጓሮሽ አለ?»

«አስካለ፣ ስለ ወላዲተ አምላክ፣ ዝም ብለሽ ድፊው» አልኳት። ምን እንዳየች ፊቴ ላይ አላውቅም። ደፋችው። ሌሎቹም ደፉ፣ እየሣቁ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ እኔ በእግሬ ጭቃውን ሳሸው፣ እንዲያ እንዲያ እያልን አለቱን ሁሉ አለበስነው። ዘርአ ዳዊት መጥቶ በጭራው ጀርባዬን ሸነቆጠኝ፣ «መንገዱን የበሬ በረት አደረጋችሁት!» አለ። ይሁን።

ሠረገላው መጣ። አልጮኸም አባዬ! አላቃሰተም። እግሮቹ ጭቃው ላይ ሸተት፣ ሸተት እያሉ እየተገላገሉ ዞሩ፣ እኔ እንዳሰብኩት፣ ልክ እንዳሰብኩት፣ እልል ልል አፌን ስከፍት ቂጡ ወደ ገደሉ መሄድ ጀመረ። ጭቃ የገዛውን እኮ ማን ይይዘዋል? በሬዎቹ አጓሩ። ደወሉ ራሱን ነቀነቀ። ወልደተንሣኤ ድንጋዩን አቅፎ ከሠረገላው እግር ሥር ወረወረውና አቆመው፣ እሱ ግን ቁልቁል ሄደ። አላየሁትም። ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። ስከፍት የጥድ ሥር ላይ ተንጠልጥሎ «ገመድ! ገመድ!» ሲል ሰማሁ። ጎኑ ተሰብሯል መሰለኝ፣ ሲተነፍስ ፊቱ ይለዋወጣል፣ ነገር ግን ጎትተው አወጡት፣ ሠረገላውም መታጠፊያውን አለፈ።

ከዚያ ምን እንዳሉ ያውቃሉ? «የአባታችን ግዝት!» አሉ። ዘርአ ዳዊት ከሆዱ ሥር ገብቶ ችንካሩን ሳመው። «አያችሁ? ብንነቅለው ይሄኔ ገደል ውስጥ ነበርን!» አለ። አሁን ማን ይነካዋል? ቀድሞ የፈሩት ነበር፣ አሁን አመኑት። እኔ ባሌን ለማዳን ደፍቼ ባሌን ልገድል ነበር፣ ግዝቱንም አጸናሁት።

ለወልደተንሣኤ ብቻ ጎኑን ሳሽለት ነገርኩት። 

«ውሃው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለማንም አትበይ።» ደግሞም «ጎበዝ ነሽ» አለኝ፣ ከዚያ ጎኑ ወጋው መሰለኝ ወደ አለቱ ዞረ። ነገ ከነገ ወዲያ ተመልሶ ታኮ ይይዛል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፣ ዘርአ ዳዊትም «ግዝቱ ያተረፈው ሰው ነው፣ ለዚህ ቦታ እሱ ይሻላል» ብሏል።

ከዚህ እስከ አንኮበር ደጃፍ መንገዱ መታጠፊያ በመታጠፊያ ነው፣ አንቱ ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ ደረቅ አለት፣ ምንጭ የለም። ቢኖርም ውሃ ሁለተኛ አልደፋም፣ ያየሁትን አይቻለሁ። የተሰነጠቀውን ወይራ በጠፍር ጠፍረውታል። ከጠፍሩ በታች ጣቴን ሰደድኩ፣ ቀድሞ ጥፍሬ ብቻ ነበር የሚገባው፣ አሁን ጣቴ ይገባል። ሲሰበር ሠረገላው የሚወድቀው ወደ ገደሉ ነው፣ በገደሉ በኩል የሚሄደው ወልደተንሣኤ ነው።

ስለዚህ አባዬ፣ አንዲት ቃል ብቻ ይላኩልን። ወረቀትም አያስፈልግም፤ በአያ አብዱልጀሊል አፍ አይቀበሉትምና አንድ ካህን፣ አንድ ዲያቆን፣ ማንንም፣ «ፈትቻለሁ፣ ለመታጠፊያ ይነቀል» የሚል ሰው በበቅሎ ይላኩ።

ይህን ጽፌ ለአያ አብዱልጀሊል ላነብለት ስጀምር ጭነቱን እያጠበቀ «የቄሱ ልጅ፣ የኔ በቅሎ ክንፍ የላትም። እኔ እንጦጦ ሳልደርስ እነሱ አለቱ ላይ ይሆናሉ» አለኝ። አውቃለሁ። ስጽፍም አውቅ ነበር። እያወቅሁ ለምን እንደጻፍኩ ቁጭ ብዬ ሳስብ ነው ይህን ከታች ያለውን የጨመርኩት፤ እሱም እየጠበቀኝ ነው፣ በቅሎዋ ትረግጣለች፣ እቸኩላለሁ።

ችንካሩ በጉልበት አይነቀልም። ሠረገላው እየተወጠረ ሳለ ዘርአ ዳዊት ራሱ ቢጎትተው አይወጣም። ሠረገላው ቆሞ ታኮው ላይ ወደኋላ ትንሽ ሲቀመጥ ግን ውጥረቱ ይላላል፣ ያን ጊዜ የልጅ እጅ ያወጣዋል። ከሆዱ በታች ያለው ቦታ ጠባብ ነው፣ ወንድ በደረቱ እየተሳበ ነው የሚገባው፣ ለእኔ ግን ይበቃኛል። በሬዎቹን ሊያሳርፉ ሲቆሙ፣ ሰዉ ቆሎውን ሲቆረጥም፣ እገባለሁ። ነቅዬ ወደ ገደሉ እወረውረዋለሁ፣ ማንም መልሶ እንዳይሰካው። ጭቃው አልቋልና ከእንግዲህ አይፈለግም።

ለወልደተንሣኤ አልነገርኩትም። ሲነቀል አይቶ ዝም ያለም ውጉዝ ይሁን ብለዋልና እንዳያይ ነው።

በጣም እፈራለሁ አባዬ። ገደሉን እንዲህ አልፈራሁትም። ችንካሩ ሲታጣ ሁሉም እኔን ነው የሚለው፤ ከነቀልኩት ወዲያ እኔን ማን ያስጠጋኛል? አስካለማርያም እሳት አታጭረኝም። አባ ኪዳነ ማርያም መስቀል አያሳልሙኝም። ያዳንኩት ባሌ ከእጄ እንጀራ አይቆርስም፤ ቢቆርስ እሱም ውጉዝ ነው። ደወሉ ገብቶ ሲደወል እኔ ከቅጥሩ ውጭ ሆኜ እሰማለሁ። እንጦጦ ልምጣልዎ እንዳልል የተወገዘ በምን መንገድ ይሄዳል፣ ማን ያሳድረዋል፣ አንቱስ ፊቴን ያያሉ ወይ?

ያን ቀን መስቀሉን ሲያነሡ በልብዎ ያዩት አንድ ሰው ነበር፣ ብረት ሰርቆ ገለባ ውስጥ የደበቀ ሰው። ያን ሰው ያስቡትና ከእኔ ጋር ያስተያዩን። ይህን ሲያነቡ እኔ ነቅዬዋለሁ፣ ወይም ሳልነቅለው ስብራቱ ቀድሞኛል። ቀድሞኝ ከሆነ ለወልደተንሣኤ ፍትሐት ያድርጉለት። ነቅዬው ከሆነ ግን ወረቀቱን ሳያጥፉ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ እዚያው በአፍዎ ይፍቱኝ። እዚህ ማንም ባይሰማም እኔ እሰማዋለሁ።

ዛሬ ገና ከሰው ጋር የምትበላ ልጅዎ፣
ወለተ ጊዮርጊስ